መቶ አርባ ሦስት

ሰባት ሰዓት ከሩብ። የሚቀጥለው ቤት ሰባት ተኩል ላይ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ፤ ቀኔን ስልኬ ነው የሚሸነሽነው።
ለአንዷ ሃያ ደቂቃ፣ ለአንዱ አርባ አምስት፣
ገላ ማጠብ፣ ኪኒን መስጠት፣
ካልሲ ማጥለቅ፣ ሾርባ ማሞቅ፣ ፈርሞ መውጣት።

በዚህ ሁሉ መሀል የጭነት ባቡሩ ሲመጣ፣
ሳስካቱን እንደ ዳቦ ለሁለት ስትቆረስ፣ እኔ ላይ ነው ጣጣ፤
ቀይ መብራቱ ይጠቅሳል፣ ክንዱ ከላይ ይወርዳል፣
ደወሉ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ያለማቋረጥ ይለፈልፋል፤
እኔም መሪዬን በጣቴ እየደበደብኩ
ስንቱን ቀን ረገምኩ!

ከሐዲዱ ማዶ አቶ ኮዋልቹክ አሉ፤
ዕድሜ እግራቸውን ነጥቆ ጆሯቸውን የተወላቸው፤
አርባ ዓመት ስንዴ በፉርጎ ሲያስጭኑ ኖረው፣ ዛሬ ወንበርና መስኮት ነው ዓለማቸው።
ስሜ ምላሳቸው ላይ ይሰበራል፤
«ስመኝ» ማለት ይከብዳቸውና ግማሹ ይቀራል፤
«ስሚ» ይሉኛል።
በእሳቸው ቋንቋ ምንም አይደለም፤ በእኔ ግን ትእዛዝ ይሆናል።
ማን በነገራቸው! እኔም አልነገርኳቸው።
«ስሚ፣ ዛሬ ስንት ፉርጎ ነበር?» ሁልጊዜ ይኸው ነው ጥያቄያቸው።
«አልቆጠርኩም፤ ዘግይቻለሁ፤ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» እላለሁ፤
ግፊታቸውን እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እወጣለሁ።

በጥር አንድ ማክሰኞ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ስልኬ በብርዱ ሞተ። ክንዱም ወረደ፤ እኔ ከሁሉ ፊት፣ ዘግቶብኝ መንገድ።
የምነካካው አጣሁ። እጄን የት ላድርገው?
ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ አደራ እንዳኖሩብኝ ዕቃ፣ ባለቤቱን እንደማላውቀው።

አንድ አለፈ። ሁለት። ሦስት።
በብረቱ ላይ በረዶ፣ በበረዶው ላይ ጥላሸት፣
ካርታ የመሰለ ዝገት።
አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ወሮበላ ልጅ በቀለም ዓሣ ስሏል፤
ዓሣው ይህን ሁሉ ሜዳ አፉን ከፍቶ ይዞራል።
ስልሳኛው ምስር ይሆን? ትናንት ለራት የቀቀልኩት የዚያ ዘመድ?
ሰባ ስምንተኛው ጣራ ላይ ቁራ ተቀምጧል፤ ትኬት የለው፣ ሰዓት የለው፣ ዝም ብሎ መንገድ።
ዘጠናው ላይ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ፤
ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁ፤
ዱክ ዱክ፣ ዱክ ዱክ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ነው የሚመጣ፤
ባጠገቤ ባለው መኪና፣ አንድ ሕፃን በእንፋሎቱ ላይ ክብ ሣለና ዓይኔን ሲያይ በመዳፉ አጠፋው፤ ደግሞም ሣለ፣ ሳይቆጣ።

መቶ አርባ ሦስት።
ከዚያ ሜዳው ባዶ፣ ጸጥታው እንደ ወተት።
ከኋላዬ ክላክስ ጮኸ፤ ክንዱ ለካ ተነሥቷል።

አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ፣ ከነካፖርቴ፤
«መቶ አርባ ሦስት!» አልኩ፤ ሰላምታን ቀድማ አመለጠች ከአንደበቴ።
«መቶ አርባ አንድ፤ በጆሮዬ ቆጥሬዋለሁ።»
«መቶ አርባ ሦስት! በዓይኔ አይቻለሁ!»
«ሞተሮቹን ጨምረሻል። ሞተር ፉርጎ አይባልም፣ ስሚ።»

ሁለቱ ሞተሮች! እውነታቸውን ነው።
ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው።
«ዓሣውንስ ሰሙት?» አልኩ፣ መሸነፌ አናዶኝ።
«የምን ዓሣ?» ከወንበራቸው ቀና አሉ፤ ግራ የገባው ዓይናቸው ያዘኝ።
ካልሲያቸውን በእጄ እንደ ያዝኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤
ስለ ዓሣው፣ ስለ ቁራው፣ ስለ ሕፃኑ ነገርኳቸው፤ ሾርባውን አሳረርኩ።
«ቀለሙስ?» አሉኝ።
ቀለሙ ጠፋኝ።

አሁንም እቸኩላለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው፤ የምሸጥላችሁ መድኃኒት የለኝም።
ግን ያ ዓሣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።
ክንዱ በወረደ ቁጥር ስልኬን ገልብጬ እጠብቃለሁ፤ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ መንገር አለብኝ ለሰውዬው፤
ስንቴ እንደምዘገይ እግዜር ይወቀው።